በጠርሙስ ታሽጎ ጋዝ አልይዝ ያለ የቤት ቢራን መመርመርና ማዳን፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ ጠማቂዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሦስት ሳምንት የጠበቁት ጠርሙስ ሲከፈት ቆርኪው ያለ ምንም ድምፅ ሲነሣ፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳም አረፋ ሳያወጣ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ዝም ብሎ ሲተኛ፣ በቤቱ ቢራ የጠመቀ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ስኳሩ አንሶ ነው» ብሎ ነው። ይህ ሐሳብ በቆላ አገር ብዙ ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ እንዲሁም ብርድ በሚጸናባቸው በመንዝና በጣርማ በር አካባቢዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው። ስኳሩ በጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ እርሾውም አልሞተም፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፦ ቢራውን አሙቀው በቂ ጊዜ ሳይጠብቁ፣ መንሥኤውንም በሙከራ ሳያረጋግጡ፣ አንድም ጠርሙስ ከፍተው ስኳር አይጨምሩ።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያውን 20 ሊትር ቢራዬን ያሸግሁት በኅዳር መጀመሪያ፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ መጣል በጀመረበት ሰሞን ነበር። ጠርሙሶቹን በጓዳ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ደርድሬ በ21ኛው ቀን ስከፍታቸው ጋዝ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በዚያው ቀን ሁሉንም ከፍቼ በእያንዳንዳቸው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨመርሁና በአዲስ ቆርኪ አሸግኋቸው። ወራት አልፈው ጓዳው ሞቅ ማለት ሲጀምር በአንድ ሌሊት አራት ጠርሙሶች ፈነዱ። ጠዋት ስገባ የአንደኛው ስባሪ አጠገቡ የነበረውን የእህል ከረጢት ቀዶ እህሉ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። ያ ስባሪ የሰው ዓይን ቢያገኝ ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። የሆነው ነገር ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያው ስኳር ገና አልተበላም ነበር፤ እኔ ሁለተኛ ስኳር ደረብሁበት፤ ሙቀት ሲመጣ የተኛው እርሾ ነቅቶ ሁለቱንም በላ።

በጠርሙሱ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ

ቢራው በባልዲ ወይም በጀሪካን ተብላልቶ ሲያበቃ በውስጡ የሚቀረው ጋዝ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወደ አየር ወጥቷል። ሲታሸግ በአንድ ሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር የሚጨመረው፣ በቢራው ውስጥ ተንሳፍፎ የቀረው እርሾ ይህን ስኳር በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያወጣና፣ ቆርኪው መውጫ ስለሚከለክለው ጋዙ ተመልሶ በቢራው ውስጥ እንዲሟሟ ነው። አንድ ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲበላ ግማሽ ግራም ያህል ጋዝ ይገኝበታል። የተለመደ የፋብሪካ ቢራ በአንድ ሊትር 5 ግራም ያህል ጋዝ ስለሚይዝ፣ እኛም የምንፈልገው ወደዚያ የተጠጋውን ነው።

በደብረ ብርሃን የሚገኙትን የዳሸንንና የሐበሻን የመሳሰሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላሉ። ጋዙ ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት በታንክ ውስጥ በግፊት እንዲሟሟ ይደረጋል፤ ቢራውም አስቀድሞ ይጣራል። ስለዚህ ከፋብሪካ ቢራ ጠርሙስ ሥር አተላ አያገኙም፤ እርሾም ከእርሱ መውሰድ አይቻልም። በቤት የተጠመቀ ቢራ ግን በጠርሙሱ ሥር የምትታየው ስስ የእርሾ ንጣፍ ሕይወቱ ናት።

እንግዲህ ጋዝ እንዲኖር አራት ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው፦ ስኳር፣ በሕይወት ያለ እርሾ፣ እርሾው የሚሠራበት ሙቀት፣ ጋዝ የማያሳልፍ ክዳን። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ብርጭቆ ላይ የሚታየው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ይለያያል፤ የአንዱ መድኃኒትም ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል።

1ኛ እርምጃ፦ ቢራው በእርግጥ ጋዝ እንደሌለው ማረጋገጥ

ከተለያየ ቦታ ሦስት ጠርሙሶች ይምረጡ፤ አንዱን ከመጀመሪያው የታሸገ፣ አንዱን ከመካከል፣ አንዱን ከመጨረሻ። ጋዝ ይበልጥ የሚሟሟው በቀዝቃዛ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ገና በጠርሙሱ አንገት የተጠራቀመው ጋዝ ወደ ቢራው እንዲገባ ሦስቱንም ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያቀዝቅዙ። በደብረ ብርሃን ለዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ብርሃን በማያገኛቸው ቦታ ውጭ ቢያድሩ ይበቃል።

ቀጥሎ ብርጭቆውን ይመርምሩ። ቅባት አረፋን ይገድላል። ቅቤ ከነካው የወጥ ዕቃ ጋር በአንድ ውኃ የታጠበ ብርጭቆ ጥሩ ቢራን እንኳ የሞተ ያስመስላል። ብርጭቆውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ለብቻው አጥበው፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው አለቅልቀው፣ በወጥ ቤት ጨርቅ ሳይወለውሉ ራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። ቢራው ምላስን ቆንጠጥ ካደረገ፣ አረፋ ባይኖረውም ጋዝ አለው ማለት ነው፤ ችግሩ ብርጭቆው ወይም የቢራው አረፋ የመያዝ ዐቅም ነው፤ ይህ መመሪያም አይመለከተውም።

ሦስቱ ጠርሙሶች እርስ በርስ የሚመሳሰሉ መሆናቸው ትልቅ ምልክት ነው። ሦስቱም እኩል ጋዝ አልባ ከሆኑ መንሥኤው የጋራ ነው፤ ብርድ፣ የደከመ እርሾ ወይም ጨርሶ የተረሳ ስኳር ሊሆን ይችላል። አንዱ ሞቶ ሌላው አረፋውን ወደ ላይ የሚረጭ ከሆነ ግን ስኳሩ በባልዲው ውስጥ በደንብ አልተማሰለም፣ ወይም ከቆርኪዎቹ አንዳንዶቹ አልገጠሙም። እንደዚህ ባለ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሕክምና መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻም ይቅመሱት። በደንብ የተብላላ ቢራ ጣፋጭነቱ ጥቂት ነው። እንደ ብቅል ውኃ ጣፍጦ አፍ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ቢራው ተብላልቶ ሳያልቅ ታሽጓል፤ በውስጡ ያለው ስኳር እርስዎ ሲያሽጉ ከጨመሩት እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ቢራ አያሙቁት፤ እርሾም ስኳርም አይጨምሩበት። በቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ጋዝ እንደሌለው ቶሎ ይጨርሱት። ይህን ቢራ በደጋው ብርድ ተማምኖ ሙቀቱ እስኪመጣ ማቆየት፣ ወይም ለዘመድ ብሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዞ መውረድ፣ እንደ ፈንጂ መያዝ ነው።

2ኛ እርምጃ፦ ማስታወሻን ማገናዘብ

የታሸገበትን ቀን፣ የስኳሩን ክብደት፣ የቢራውን ልክ፣ የእርሾውን ዓይነት፣ ቢራው ከመታሸጉ በፊት ስንት ቀን እንደቆየ፣ ጠርሙሶቹ በምን እንደታጠቡ ያስታውሱ ወይም ከጻፉበት ያውጡ። ለሁለት ጥያቄዎች ልዩ ትኩረት ይስጡ። አንደኛው፣ ስኳሩ በሚዛን ተመዝኖ ነበር ወይስ በግምት? የተሞላ ማንኪያና የተስተካከለ ማንኪያ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ጠርሙሶቹ በበረኪና ታጥበው ከነበረ በበቂ ውኃ ተለቃልቀዋል? በጠርሙስ ሥር የቀረ በረኪና እርሾን ይገድላል፤ ሽታውም ብዙ ጊዜ በቢራው ላይ ይታወቃል። እንዲህ የሚሸት ቢራ ካገኙ ይድፉት እንጂ ሊያድኑት አይሞክሩ።

3ኛ እርምጃ፦ ማሞቅ

እርምጃዎቹ ሁሉ እኩል አይደሉም፤ በደጋ አብዛኛው ቢራ የሚድነው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የቢራ እርሾ በጠርሙስ ውስጥ ሥራውን በሁለት ሳምንት ግድም የሚጨርሰው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ነው። በ10 ወይም በ12 ዲግሪ ብዙው እርሾ ወደ ሥር ተቀምጦ ይተኛል፤ በቅዝቃዜ የሚሠራው የላገር እርሾም እንኳ በዚህ ሙቀት ጠርሙስ ውስጥ እጅግ ይዘገያል። የደብረ ብርሃን ጓዳ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በተለይም የሲሚንቶ ወለሉ፣ ከዚህ አይሻልም።

ብዙ ሰው ጠርሙሶቹን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አሞቅሁ ብሎ ይተዋል። ከተማችን በብርድ ልብሷ የታወቀች ብትሆንም ይህ ብቻውን አይረዳም፤ ምክንያቱም መታወቅ አለበት። የጠላ ጋን ሲጠቀለል የሚሞቀው በውስጡ ያለው ድፍድፍ ብዙ ስኳር እየበላ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ነው። ጠርሙሱ ግን የያዘው ከ2 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ስኳር ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ሙቀት ከቁጥር አይገባም። ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከጠቀለሉበት የሚጠብቀው ቅዝቃዜውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ጠንካራ የእንጨት ሣጥን ወይም ትልቅ ካርቶን ያዘጋጁና ሥሩን በአንድ ስንዝር ጭድ ይሙሉት፤ ብርዱ በብዛት የሚመጣው ከወለሉ ነውና ይህን አይዝለሉት። እያንዳንዱን ጠርሙስ በቀስታ ገልብጠው፣ ሥሩ የተጣበቀው አተላ እንደ ጭጋግ ተነሥቶ በቢራው ውስጥ ሲሰራጭ እስኪያዩ ይያዙት፤ ከዚያ ቀጥ አድርገው በሣጥኑ ይደርድሩት። መወዝወዝ አያስፈልግም። በጠርሙሶቹ መካከል ሙቅ ውኃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ የውኃው ሙቀት እጅ የማያስይዝ ነገር ግን ከፈላ ውኃ እጅግ ያነሰ፣ 60 ዲግሪ ግድም ይሁን። ቴርሞሜትር ከጀሪካኑ ራቅ ባለ ጠርሙስ አጠገብ ያኑሩ፤ ሁሉንም በብርድ ልብስ ሸፍነው ውኃውን ጠዋትና ማታ ይለውጡ። ቴርሞሜትሩ ከ20 እስከ 24 ባለው ውስጥ ከዋለና ካደረ ሥራው ተሳክቷል። ከ18 በታች ከወረደ ሁለተኛ ጀሪካን ይጨምሩ። ከ25 ካለፈ መሸፈኛውን ያሳሱ።

ከእሳት ዳር፣ ከምጣድ ቤት ግድግዳ ሥርና ከፀሐይ ይጠብቋቸው። እሳት ዳር ያለው ጠርሙስ በአንድ ጎኑ 40 ዲግሪ ደርሶ በሌላው ጎኑ 15 ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ ደግሞ በሆፕ (ቢራን በሚያመርረው የተክል አበባ) የተመረረ ቢራን በተለይ በአረንጓዴና በነጭ ጠርሙስ ውስጥ በፍጥነት ያሸተዋል። ቢራቸውን በጌሾ የሚያመርሩ ሰዎችም ቢሆኑ ከፀሐይ ማራቁ አይጎዳቸውም።

አንዳንዶች ሣጥኑን በአውቶቡስ ጭነው በጣርማ በርና በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት መላክን ይመርጣሉ። በእርግጥ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እርሾውም መንቃቱ አይቀርም። እኔ ግን አልመክረውም። እዚያ የቀኑ ሙቀት ከሚፈለገው ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚህም በላይ በጠርሙሱ ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ በእርግጠኝነት ሳያውቁ አደጋውን ወደ ሌላ ሰው ቤት መላክ ተገቢ አይደለም።

በ10ኛው ቀን አንድ ጠርሙስ ወስደው፣ አቀዝቅዘው ይክፈቱ። ጋዙ መጀመሩን ካዩ ሌሎቹን እስከ 14ኛው፣ ጠንካራ ቢራ ከሆነም እስከ 21ኛው ቀን ድረስ በሙቀቱ ይተዋቸው። ከዚያ ወደ ቀዝቃዛው ጓዳ ይመልሷቸው። የአብዛኛው አንባቢ ችግር እዚህ ላይ ይፈታል ብዬ አምናለሁ፤ የቀሩት እርምጃዎች በሁለት ሳምንት ሙቀት ምንም ላልተለወጠ ቢራ ናቸው።

4ኛ እርምጃ፦ ክዳኑን መፈተሽ

ጠርሙሶቹ በሣጥኑ ውስጥ እያሉ የሚሠራ ፍተሻ ነው። ቆርኪውን በሁለት ጣት ይዘው ለማዞር ይሞክሩ። በደንብ የታሸገ ቆርኪ በጣት አይንቀሳቀስም፤ የሚዞር ከሆነ ጋዙ በእርሱ በኩል ወጥቷል ወይም ይወጣል። ቀጥሎ በቆርኪው ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀብተው ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱ፤ ትንንሽ አረፋዎች ቀስ እያሉ የሚያብጡ ከሆነ መፍሰሻውን አግኝተዋል። ጠርሙሱን ሲከፍቱ ደግሞ በጥፍርዎ የአፉን ጠርዝ ዞረው ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ስንጣቂ ያለበት ጠርሙስ የቱንም ያህል አዲስ ቆርኪ ቢደረግለት አይገጥምምና ይጣል። አንድ ጊዜ በመክፈቻ የተነሣ ቆርኪ መሐሉ ስለሚታጠፍ፣ በውስጡም ያለው ማሸጊያ ንጣፍ ስለሚጎዳ፣ እርሱን አቃንቶ መልሶ መምታት ገንዘብ ያተረፉ ቢያስመስልም ቢራውን ያስከፍላል።

5ኛ እርምጃ፦ የሦስቱ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙከራ

ቢራው ሞቆ፣ ቆርኪውም ጠንክሮ፣ አሁንም ጋዝ ከሌለው፣ የጎደለው ስኳር ይሁን እርሾ በግምት መወሰን አይገባም። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም የፈሳሽን እፍጋት በመለካት የስኳሩን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያላቸው ሰዎች በእርሱ ሊፈርዱ ይሞክራሉ፤ ነገር ግን በሊትር 7 ግራም ስኳር ንባቡን ከፍ የሚያደርገው ከ2 እስከ 3 ነጥብ (ለምሳሌ ቢበዛ ከ1.010 ወደ 1.013) ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ እንዲያነብ የተሠራ ሃይድሮሜትር በ10 ዲግሪ ቢራ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በቅዝቃዜው ምክንያት ብቻ 1 ነጥብ ተኩል ያህል አብልጦ ያነባል። በብርድ ቤት የተወሰደ ንባብ የሚያሳስተው በዚህ ነው። ከዚህ የሚሻለው ቢራው ራሱ እንዲመሰክር ማድረግ ነው።

የለስላሳ መጠጥ የነበሩ ሦስት ባለ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙሶችን ከነክዳናቸው በደንብ አጥበው ያዘጋጁ። የውኃ ሃይላንድ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ስስ ነው፤ ለጋዝ ግፊትም አልተሠራም። በእያንዳንዱ አንድ አንድ ጠርሙስ ቢራ ከነአተላው ቀስ ብለው ይቅዱ። በ«ሀ» ላይ ምንም አይጨምሩ። በ«ለ» ላይ በሁለት ጣት ጫፍ የተቆነጠረ ደረቅ እርሾ ይጨምሩ። በ«ሐ» ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተስተካከለ፣ ማለትም 2 ግራም ያህል ስኳር ይጨምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ጠርሙስ በእጅዎ ጨምቀው፣ አየሩ ወጥቶ ቢራው እስከ አፉ ሲደርስ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ። ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ የተጨማደደ ሆኖ ይቀራል፤ መለኪያችን ይህ ጭምድድ ነው። ሦስቱንም ከአንድ የመስታወት ጠርሙስ ጋር በሞቀው ሣጥን ለ7 ቀን ያኑሩ።

ጋዝ ሲፈጠር የተጨማደደው ጎን ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ከዚያም እንደ አዲስ የለስላሳ ጠርሙስ በአውራ ጣት ሲጫኑት አልገባ ብሎ ይጠነክራል። «ሀ» ምንም ሳይጨመርበት ከጠነከረ ቢራው ሙቀትና ጊዜ ብቻ ነበር የጎደለው፤ አብሮት የተቀመጠው የመስታወት ጠርሙስ ግን እንደሞተ ከቀረ ቆርኪው ያፈሳል። «ለ» ብቻ ከጠነከረ ስኳሩ አለ፣ እርሾው ግን ደክሟል ወይም ሞቷል። «ሐ» ብቻ ከጠነከረ እርሾው ደኅና ነው፤ ስኳሩ ግን ወይ አልተጨመረም፣ ወይም ተበልቶ ጋዙ በቆርኪው በኩል አምልጧል። ሦስቱም ተጨማድደው ከቀሩ እርሾም ስኳርም የለም። የዚህን ሙከራ ያህል የምወደው የምርመራ ዘዴ የለኝም፤ የሚጠይቀው ሦስት ጠርሙስ ቢራና አንድ ሳምንት ትዕግሥት ብቻ ነው።

6ኛ እርምጃ፦ በውጤቱ መሠረት ማከም

ማንኛውንም ጠርሙስ ለሕክምና ከመክፈትዎ በፊት ቢራው ቀዝቅዞ ይደር። ጓንት ያድርጉ፤ መነጽር ወይም ዓይንን የሚሸፍን ነገር ይልበሱ። ቢራውን መልሰው ወደ ባልዲ አይገልብጡ፤ ከአየር ጋር ይቀላቀልና በጥቂት ሳምንት ውስጥ የረጠበ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ያመጣል። ሕክምናው በየጠርሙሱ ነው የሚሰጠው።

የጎደለው ስኳር ከሆነ፣ ደረቅ ስኳር በጠርሙስ አፍ አይጨምሩ። የስኳሩ ቅንጣት ጥቂትም ቢሆን ያለውን ጋዝ በአንድ ጊዜ ያስወጣና ቢራው ገንፍሎ ይፈስሳል። ይልቁንም 100 ግራም ስኳር በጥቂት ውኃ አሟሙተው 10 ደቂቃ ያፍሉት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ግድም ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሲቀዘቅዝ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጨምረው ጠቅላላውን 200 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ስኳር ይዟል። ከፋርማሲ በተገዛ አዲስ ሲሪንጅ፣ መርፌውን ነቅለው፣ ምንም ጋዝ ለሌለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 4 ሚሊ ሊትር ተኩል ይስጡ። ጥቂት ጋዝ ካለው 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ይስጡ። ወዲያው በአዲስ ቆርኪ ያሽጉ። አራት አራት ጠርሙስ እየከፈቱ ይሥሩ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይክፈቱ።

የጎደለው እርሾ ከሆነ፣ ለ20 ሊትር፣ ማለትም ለ60 ጠርሙስ፣ 2 ግራም ደረቅ የቢራ እርሾ ይበቃል። ፈልቶ ወደ 30 ዲግሪ በቀዘቀዘ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ በትነው 20 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ እያማሰሉ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ 3 ሚሊ ሊትር ይስጡ። ስኳር አይጨምሩ፤ ስኳሩ መኖሩን «ለ» መስክሯልና። የቢራ እርሾ በማይገኝበት ጊዜ የዳቦ እርሾ ሥራውን ይሠራል። ሆኖም አተላው ከሥር ጠበቅ ብሎ አይቀመጥም፤ ሲቀዳም ይነሣል፤ የዳቦ ሽታም ሊያስቀር ይችላል። እርሾ የሚሞተው ወይም የሚደክመው ቢራው ሲበዛ ጠንካራ ሲሆን፣ ለወራት በባልዲ ሲቆይ፣ ወይም አጥብቆ ሲጣራ ነው።

ሁለቱም ከጎደሉ ሁለቱንም ይስጡ። ቆርኪው ያፈሰሰ ከሆነ መጀመሪያ የቆርኪ መምቻውን ያስተካክሉ፤ ጠርሙሶቹንም ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስኳር የሚሰጠው።

መጠኑን ማክበር ለምን እንደሚገባ በቁጥር ይታያል። በሊትር 7 ግራም ስኳር ላይ በስሕተት ሌላ 7 ግራም ቢደረብበት፣ ሁሉም ሲበላ በሊትር ከ8 ግራም የሚበልጥ ጋዝ ይሆናል፤ የቢራ ጠርሙስ ደግሞ የተሠራው 5 ግራም ግድም ለሚይዝ ቢራ ነው። ከሕክምና በኋላ ጠርሙሶቹ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይሙቁ። በዚህ ጊዜ ከተከፈተው ጠርሙስ ቢራው በኃይል ገንፍሎ ከወጣ፣ የቀሩትን ሳይነካኩ ሣጥኑን እንዳለ ወደ ብርድ አውጥተው ያሳድሩት፤ ጠዋት ቀዝቅዘው ሳሉ እያንዳንዱን ቆርኪ በመክፈቻ ጠርዙን ብቻ ላላ አድርገው ትርፉን ጋዝ ያስወጡና በአዲስ ቆርኪ ያሽጉ።

ለሚቀጥለው ጠመቃ

በባዕድ አገር የተዘጋጁ የስኳር ሰንጠረዦች የተሰሉት በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት ከዚያ ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ቢራው ተብላልቶ ሲያበቃ በውስጡ የሚቀረው ጋዝም በዚያው ልክ ያንሳል፦ በ18 ዲግሪ በባሕር ጠለል 1.8 ግራም የሚሆነው፣ በእኛ ዘንድ 1.3 ግራም ግድም ነው። ጉድለቱን ለመሙላት በሊትር 1 ግራም ስኳር መጨመር ይበቃል። ሰንጠረዡ 6 ካለ 7 ያድርጉት፤ ከዚያ አይለፉ። ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ ልዩነት ቢራውን ቀጠን ያደርገዋል እንጂ አይገድለውም፤ ፈጽሞ የሞተ ቢራ ላገኘ ሰው ከፍታው ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

ስኳሩን በውኃ አፍልተው ከባልዲው ሥር ያስቀድሙት፤ ቢራውን በቱቦ ቀስ ብለው በላዩ ያውርዱት፤ በታጠበ ማንኪያም አየር ሳያስገቡ ያማስሉት። በጠርሙሱ አንገት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚያሽግ ሰው የማሞቂያውን ሣጥን ቢራው ከመታሸጉ በፊት ያዘጋጅ። ከእያንዳንዱ ጠመቃም አንዱን ክፍል በለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አየሩን ጨምቀው አስወጥተው ይዝጉና ከሌሎቹ ጋር በሣጥኑ መካከል ያኑሩት፤ እርሱ በአውራ ጣት አልገባ እስኪል ድረስ የመስታወቱን ጠርሙስ አይክፈቱ።